ሁለት ነጥብ

ነፋስ ቶርስሃቭንን፣ የፋሮን ወደብ፣ በጨው እጁ ሲመታ፣
ራንቫ ከመዝገብ ቤት አልወጣችም ማታ።
በጆሮዋ ሐኑስ፣ የሞተው ዓሣ አጥማጅ፣
ዐለት ይጠራል በስም፣ ከመንደሩ ደጅ።
ስልሳ ሦስት ዐለት፣ ስልሳ ሦስት ስም፣
አንዱም ግን በአንድ ቃል ተነግሮ አያልቅም።
‹በጊቱ የተመለሰችበት ድንጋይ› ይላል፤
‹ቄሱ ቆቡን የጣለበት› ይላል፤ ያስላል፤
‹እናቴ ያልወደደችው› ይላል።
እሷም እንደ ሰማችው፣ ሳትቆርጥ፣ ሳትቀጥል፣
በየስሙ አኖረች አንድ አንድ ፋይል።

ማሽን ግን ክፍት ቦታ ሲያይ አያስችለውም።
በቃልና በቃል መሃል ያለው ዝምታ
ለእሱ ዝምታ አይደለም፣
ቢላ ነው።
ስሙን ለፕሮግራሙ ብታቀብለው፣
‹በጊቱ› የሚባል ፋይል የለም፣ አለ።
‹የተመለሰችበት› የሚባል ፋይል የለም፣ አለ።
‹ድንጋይ› የሚባል ፋይል የለም፣ አለ።
ሦስት ጊዜ ካደ፤ ዶሮ ግን አልጮኸም።

አትፍረዱበት። የእኛንም ቋንቋ ስጡት፦
‹የእንጀራ እናት› በሉት፣
እንጀራውን ለብቻ፣ እናቲቱን ለብቻ ያቀርባል።
‹እግረ መንገድ› በሉት፣
እግር ቆርጦ መንገድ ላይ ይጥላል።
የድሮ ጸሐፊ ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤
ብራናው ላይ ባዶ አይተውም ነበር።
ክፍተትም ፊደል ነው ብሎ፣ ቀለም ነክሮ፣
ሁለት ነጥብ ያቆም ነበር እንደ ዘብ፣
አንዱን በአንዱ ትከሻ ላይ።
ዘቦቹን ያሰናበትናቸው እኛ ነን፣
ለቦታ ስንል፣ ዐይናችንም ለምዶ።

ራንቫም ዘብ ታውቃለች፤ የሠላሳ ዓመት ሙያዋ ነው፦
ከክፍተቱ በፊት፣ ወደ ኋላ ያጋደለች አንዲት ሰረዝ፣
‹ይህ ባዶ የስሙ አካል ነው፤ እለፍ፣ አትቁረጥ› የምትል።
በትዕዛዙ መስመር ላይ ጻፈቻት። አስገባች።
የዘነጋችው፣ የመንገዱ በሮች ሁለት መሆናቸውን ነው።
የፊተኛው በር ጠባቂ ሰረዟን አየ፣ ገባው፣
እንደ ካባ ገፈፋትና
ስሙን ራቁቱን ወደ ውስጥ አሳለፈ።
ማዶ፣ ሌላ ማሽን ውስጥ፣ ሌላ ጠባቂ
ራቁት ስም አገኘ፤ ከወገቡ ለሁለት ከፈለው።

ማጥፋት የፈለገችው ‹ሐኑስ ቅጂ›ን ነበር፣
ሳይሞላ የተቋረጠውን፣ ትርፉን።
ጠባቂው ‹ሐኑስ›ን አጠፋ።
ከዚያ፣ ‹ቅጂ› የሚባል የለም፣ አለ፤
በትሕትና።

የለም ያለው ቅጂ ተረፈ፤ አምሳ ሁለት ዐለት ይዞ።
ቴፑማ ድሮ ሻግቶ ነበር፣
አንዴ እንደ ተነበበ በእጇ ላይ ተፈረፈረ።
ለአለቃዋ ለባርዱር ደወለች፤ ‹ዐሥራ አንድ ድንጋይ ሰበርኩ› አለችው።
‹በምን?› አላት።
‹በክፍተት።›

ቅዳሜ ጀልባ ተከራየች።
ቱሪድ፣ የሐኑስ የእህት ልጅ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
የሱፍ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ ትጠቁማለች፦
‹ያ ውሻው የታጠበበት። ያ የአክስቴ ክራንቻ።
ያኛው፣ ቆይ፣ ያልተከፈለ ዕዳ።›
ራንቫ እርጥብ ደብተሯ ላይ
በየክፍተቱ ሦስት ሰረዝ ታሰምራለች፦
አንዱ ክፍተቱን ለመጠበቅ፣
አንዱ ለሁለተኛው በር፣
አንዱ ደግሞ ያንን ደብቆ ለማሳለፍ።
‹ምንድን ናቸው?› አለች ቱሪድ፤ ‹ዝናብ ነው የምትስይው?›
ዘጠኙ እንዲህ ተገኙ።

ሁለት ግን ጎደሉ። የቱሪድ ጣት አየር ላይ ቀረ፤
‹ስምማ ነበራቸው፣ ከእሱ ጋር ተቀበረ።›
ጥቋቁር፣ ክብ ዐለቶች፣ ከጀልባዋ ሲታይ፣
በመንደርና በባሕር መሃል፣ አንዱ ካንዱ በላይ።
ራንቫ ምንም አልጻፈች፤ ቦታ ተወች፣ ባዶ፤
ማዕበሉ መጣና፣ ሳይቆርጣቸው፣ አለፈ ወደ ማዶ።